የሀ ቁጥር 4608 ነው

እስቲ ስልካችሁን አውጡና በአማርኛ አጭር መልእክት ጻፉ። በኢንተርኔት የሚላከውን አይደለም፤ ተራውን ኤስኤምኤስ ነው የምለው። 70ኛው ፊደል ላይ ስትደርሱ መልእክቱ ይሞላል። አንዲት ፊደል ብትጨምሩ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ያንኑ ነገር በላቲን ፊደል ብትጽፉት ግን እስከ 160 ድረስ ይሄድላችኋል።

ይህ የማንም ተንኮል አይደለም። አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። ቢት ማለት ኮምፒዩተር የሚይዛት አንዲት ዜሮ ወይም አንዲት አንድ ናት፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይባላል። የላቲኑ ፊደል እያንዳንዱ በሰባት ቢት ይታሸግና 160ው ይገባል። የእኛ ፊደል ግን አንዱ 16 ቢት፣ ማለትም ሁለት ባይት ይወስዳል። 140 ለሁለት ሲካፈል 70። አለቀ።

ጉዳዩ የቦታ ጉዳይ ነው። የመጻፊያና የማተሚያ ማሽን የሠራ ሰው ሁሉ ከሥራው በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፤ ስንት ምልክት ልያዝለት? መልሱን የሰጡት ሰዎች አብዛኞቹ አማርኛ የሚባል ቋንቋ በዓይናቸው አላዩም። ስለዚህ ፊደላችን ከማሽን ጋር የኖረው ታሪክ ቦታ የመለመን ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ቴክኖሎጂውን ለመረዳትም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

መጀመሪያ የራሳችንን እንቁጠር። 33 ቤት፣ በ7 ሲባዛ 231። እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ ያሉትን ዲቃላዎች ጨምሩ። ሏን፣ ሟን፣ ቷን ጨምሩ። ኋላ የመጣውን ቨን ከነቤተሰቡ ጨምሩ። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 አኃዞች አሉ። ነጥቦቹ አሉ። 300 ገደማ ይሆናል። እንግሊዝኛ ትልቁንም ትንሹንም ፊደል ቢቆጥር 52 ነው።

እርሳሱ አልከለከለንም

ብዙ ሰው ችግሩ ከኅትመት ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለዋል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ጉተንበርግ በ1450ዎቹ እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን ሲያትም የተጠቀመባቸው የተለያዩ የእርሳስ ፊደሎች ወደ 290 ይጠጋሉ። ላቲን እኮ ነው የሚያትመው! ግን የብራና ጸሐፊዎቹን እጅ ለመምሰል ሲል ለጥንድ ፊደሎች፣ ለምኅጻረ ቃላት፣ ለሁሉም ለየብቻ ቀረጸ። ከእኛ ፊደል ጋር እኩል ለእኩል ማለት ነው።

በእጅ ለሚለቀም ፊደል ብዛት እንቅፋት አይሆንም። ሳጥን መጨመር ነው። ለዚህም ነው ግእዝ ቀድሞ የታተመው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳትን ዜማ ሰማ። ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ አሰበ። ተሳስቷል፤ ግን ስሕተቱ ከመማር አላገደውም። ከመነኮሳቱ ተማረና በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ከጉተንበርግ በኋላ 60 ዓመት እንኳ ያልሞላው ጊዜ ነው።

በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው የፊደል ለቃሚ ሥራ ነበር። ለቃሚ የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ጤፍ እንደሚለቅም ሰው፣ አንዷን የእርሳስ ፊደል ከሳጥኗ እያነሳ መስመር ላይ ይደረድራል። ያውም ተገልብጣ ነው የምትነበበው። የአማርኛ ለቃሚ ፊት ያለው የሳጥን ብዛት ከላቲኑ ለቃሚ ይበልጣል። ቢሆንም ሥራው ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ እንመለስበታለን። የመስመሩ ሁለቱም ጫፍ እኩል እንዲሆን ለቃሚው በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ሰፋ ጠበብ ያደርጋል። የላቲን ለቃሚ ራስ ምታት ይኸው ነው። ቃል መሐሉ ላይ ቢቆረጥ ሰረዝ ማስገባት አለበት፤ የት እንደሚቆረጥም ማወቅ አለበት። በእኛ ጥንታዊ አጻጻፍ ግን ቃልን ከቃል የሚለየው ባዶ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነው። ቃሉ የሚያልቀው ነጥቡ ሲመጣ ነው። ስለዚህ መስመሩ ሲሞላ የትም ላይ ቆርጦ ወደ ታች መውረድ ይቻላል። ሰረዝ አያስፈልግም። የብራና መጻሕፍቱን ዓምዶች ተመልከቱ፤ ሰላም የሚለው ቃል ሰላ ላይ መስመሩ አልቆ ም ታች ትጀምራለች። ማንም አይሳሳትም። ሊቃውንቱ መስመር የማስተካከልን ችግር በሁለት ነጥብ ጨርሰውት ነበር።

ማሽኑ መቁጠር ሲጀምር

ችግሩ የመጣው ለቀማው ወደ ማሽን ሲገባ ነው። ሊኖታይፕ የሚባለውን ማሽን የፈለሰፈው ኦትማር ሜርገንታለር ነው። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሰው ነው። ማሽኑ በ1886 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ለጋዜጣ ሥራ ገባ። ኪቦርድ አለው። ቁልፍ ስትነኩ ከላይ ካለው ማኅደር አንድ ትንሽ የነሐስ ቅርጽ ይወርዳል። መስመሩ ሲሞላ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበትና ሙሉው መስመር እንደ አንድ ጡብ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ቅርጾቹ ጫፋቸው ላይ ባለው ጥርስ እየተለዩ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ቦታ ይመለሳል። የሚገርም ብልሃት ነው። የቁልፎቹ ብዛት ግን 90 ነው። ዘጠና!

ተፎካካሪው ሞኖታይፕ ለእኛ የቀረበ ነበር። ይህ ማሽን ሁለት ነው። አንደኛው ላይ ሰውየው ሲጽፍ ወረቀት ይበሳል። የተበሳው ጥቅል ወደ ሁለተኛው ማሽን ይገባና ያኛው እየቀለጠ ባለው እርሳስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይሠራል። ቅርጾቹ የተቀመጡት በአራት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ ነው፤ መጀመሪያ 15 በ15፣ ማለትም 225። በኋላ 15 በ17 ሆኖ 255 ደረሰ፤ ከዚያም 272። ቁጥሮቹን ከእኛ 231 ጋር አስተያዩአቸው። ለጥቂት እኮ ነው።

ሞኖታይፕን የማነሳው ለቁጥሩ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን መጻፍና ጽሑፉን ማውጣት የተለያዩበት ማሽን ነው። በመሐላቸው ያለው በቀዳዳ የተጻፈ ኮድ ነው። ደግሞ ጥቅሉ የሚነበበው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ለምን? የመስመሩ ክፍት ቦታ ስንት መሆን እንዳለበት የሚታወቀው መስመሩ ተጽፎ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ያ መረጃ ጥቅሉ መጨረሻ ላይ ይበሳል። ሁለተኛው ማሽን ከኋላ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ የኮምፒዩተር አስተሳሰብ ይህ ነው።

ታይፕ

አብዛኛውን የአገራችን ሰው የነካው ማሽን ግን ታይፕ ነው። የክስ ማመልከቻ፣ የሹመት ደብዳቤ፣ የተማሪዎች በራሪ ጽሑፍ በስቴንስል፣ ሁሉም በታይፕ አለፈ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚመቱትን ታይፒስቶች የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው።

ታይፕ ከሁሉም የከፋ ስስታም ነው። ወደ 44 ቁልፍ አለው። እያንዳንዱ ቁልፍ የሚያነሳው የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ሁለት ቅርጽ አለ፤ ሺፍት ሲጫን ሁለተኛው ይመታል። በድምሩ 88 ገደማ። 300 ምልክት ያለውን ጽሕፈት 88 ቦታ ውስጥ አስገቡ ነው ጥያቄው።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ታይፕ በመሥራት ስሙ የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ነው። መፍትሔው የተመሠረተው ፊደላችን ውስጥ ባለ ሥርዓት ላይ ነው። ለን ጻፍ፤ ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት ስጠው፤ ሉ ይሆናል። ጭረቱን እግሩ ላይ ካደረግከው ሊ። እግሩ ላይ ቀለበት ካደረግክለት ሌ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ እንደዚያው። ስለዚህ ግእዙን አንድ ጊዜ፣ ጭረቱንና ቀለበቱን ለብቻ ቁልፍ መስጠት ይቻላል። አንዱ ቁልፍ ወረቀቱን ሳያራምድ ይመታል፤ ቀጣዩ እዚያው ላይ ይደርብበታል። በሁለት ምት አንድ ፊደል።

ሐሳቡ ትልቅ ነው። ግን ፊደላችን ሙሉ በሙሉ ሥርዓት አክባሪ አይደለም። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ በአብዛኛው ይታዘዛሉ። ሩንና ፉን ተመልከቱ ግን፤ ጭረታቸው ወገባቸው ላይ አይደለም። ራብዕ ላይ ላና ባ ቀኝ እግራቸውን ያስረዝማሉ፤ ራና ና ደግሞ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ሳድስ ላይ ስንደርስ ሥርዓት የሚባል ነገር ይቀራል። ል፣ ም፣ ር፣ ን፣ ት፣ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ሳድስ ደግሞ በአማርኛ ጽሑፍ በየቃሉ የሚመላለስ ፊደል ነው።

ሁለተኛው ችግር የማሽኑ ባሕርይ ነው። ታይፕ ለፊደል ሁሉ እኩል ስፋት ነው የሚሰጠው። የነ ትከሻ ጠባብ ነው፤ የጠ ሰፊ ነው። ጭረቷ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የምታርፈው። ለአንዱ ፊደል ልክ ስትሆን ለሌላው ትርቃለች፤ ወይም ሰውነቱ ውስጥ ትገባለች። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያላችሁ አውጥታችሁ እዩ። የፊደሉ ቀለበት ከእግሩ ተለይቶ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ታገኙታላችሁ። አንባቢው በልምድ ያነበዋል። መልኩ ግን ተበላሽቷል። በብራናው ላይ የነበረውን ያን ሞገስ ላወቀ ሰው ያሳዝናል።

ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ አደገኛ ሐሳብ ተወለደ። ማሽኑ ካልበቃ ፊደሉን እንቀንሰው የሚል። ሞክሼዎቹ ይውጡ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ይሁኑ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አንድ ይሁኑ ተባለ። ቅጥያዎቹ ወጥ ይሁኑ ያለም ነበር። ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት የቆየ ነው፤ ያቀረቡትም ሰዎች ለአገር አሳቢዎች ነበሩ። ሕፃናት ቶሎ እንዲማሩ የሚል ክርክርም ነበረው። እሱ ለብቻው ሊነሳ የሚችል ነው። ማሽኑ ስለጠበበ ፊደል ይቀነስ የሚለው ግን ጫማ ስለጠበበ እግር ይቆረጥ እንደማለት ይመስለኛል። ጫማው በኋላ ሰፋ። እግሩ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር።

ኮምፒዩተር ጸሐፊ የሆነው እንዴት ነው

ኮምፒዩተር የተሠራው ለማስላት ነው። ለመጻፍ ያዋሉት ሰዎች መጀመሪያ እንደ ማባከን ይታዩ ነበር። ማሽኑ ውድ ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ ከታይፒስት ደመወዝ ይበልጣል።

በ1964 እ.ኤ.አ. አይቢኤም መግነጢሳዊ ካሴት ያለው ታይፕ አወጣ። የተመታው ካሴቱ ላይ ይቀራል። ስሕተት ሲገኝ እሱን ብቻ አስተካክሎ ማሽኑ ገጹን ራሱ ደግሞ ይመታል። ስክሪን የለውም። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ፤ ጽሑፉ ከወረቀቱ ተለየ። ከዚያ በፊት ጽሑፍ ማለት ወረቀቱ ራሱ ነበር።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ታሪክ የምወደው ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤል ላብስ የሚባል የምርምር ተቋም ነበር። እዚያ ኬን ቶምፕሰን፣ ዴኒስ ሪቺና ጓደኞቻቸው ዩኒክስ የተባለውን፣ ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት እየሠሩ ነበር። አዲስ ኮምፒዩተር ይፈልጋሉ፤ አለቆቻቸው ግን ለእንዲህ ያለ ምርምር ገንዘብ ማውጣት አልፈለጉም። ስለዚህ በሌላ መንገድ መጡ። ኮምፒዩተሩ ከተገዛልን የጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራላችኋለን አሉ። ተገዛ። በ1971 እ.ኤ.አ. የተቋሙ የፓተንት (የፈጠራ መብት ማስመዝገቢያ) ክፍል ታይፒስቶች ማመልከቻዎቻቸውን በዚያ ማሽን መጻፍ ጀመሩ። ሦስት ታይፒስቶች ሲመቱ፣ ተመራማሪዎቹም በዚያው ማሽን ላይ ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። ዛሬ በየኪሳችን ያሉት ስልኮች አብዛኞቹ የሚሄዱት ከዩኒክስ በመጣ አስተሳሰብ ነው። ያ አስተሳሰብ መጠለያ ያገኘው በጽሕፈት ሥራ ስም ነው።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። ጽሑፉን እንዳለ ትመታላችሁ። አንድ መስመር በነጥብ ከጀመረ ግን ጽሑፍ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ እዚህ አዲስ አንቀጽ ጀምር፣ እዚህ መሐል ላይ አድርግ ይላል። መልኩን የምታዩት ታትሞ ሲወጣ ነው። ጆ ኦሳና የሚባለው ባልደረባቸው ይህንን ወደ ፎቶ ማተሚያ አሻገረው። በዚያ ማሽን ውስጥ ፊደሎቹ በፊልም ላይ ናቸው፤ ፊልሙ ይሽከረከራል፤ የተፈለገው ፊደል ሲደርስ መብራት ብልጭ ይልና ቅርጹ ብርሃን በሚቀበል ወረቀት ላይ ያርፋል። እርሳሱ ቀረ፤ ፊደል ብርሃን ሆነ። ማሽኑ አራት ፊልም ይይዛል፣ በእያንዳንዱ 102 ቅርጽ። ድምሩ 408። እዚህ ቁጥር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። የእኛ ፊደል በሙሉ ይገባበት ነበር።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑትም አለ። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱ በሞኖታይፕ እርሳስ ነበር የተለቀሙት። በ1977 እ.ኤ.አ. የአንዱ መጽሐፉ አዲስ እትም ናሙና በፎቶ ማሽን ተለቅሞ መጣለት። አየውና ከፋው፤ መልኩ እንደ ቀድሞው አልነበረም። በዚያው ሰሞን በዲጂታል ማሽን የተዘጋጀ የሌላ መጽሐፍ ናሙና አይቶ ነበር። ገጽ ማለት እኮ ቀለም ያለበትና የሌለበት ነጥብ ነው፣ ዜሮና አንድ ነው፣ ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው ብሎ ራሱ ሊሠራው ተነሳ። ቶሎ ያልቃል ያለው ሥራ አሥር ዓመት ገደማ ወሰደበት። ውጤቱ ቴክ የተባለው ፕሮግራምና ፊደል በሒሳብ የሚነድፈው ሜታፎንት ናቸው።

ቴክ ከቀደሙት የሚለየው መስመር ሲያስተካክል ነው። የሊኖታይፕ ሠራተኛ አንድ መስመር ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ ያለፈውን አይመልሰውም። ቴክ ግን ሙሉውን አንቀጽ አይቶ ነው የሚወስነው። ሦስተኛው መስመር ላይ እንዳይከፋ ብሎ የመጀመሪያውን በትንሹ ያጠብባል። ይህ ሥራ ለእኛም ደርሷል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክና ከሌሎች ሁለት ባልደረቦች ጋር ሆኖ ቴክ በፊደላችን እንዲለቅም የሚያደርግ ጥቅል ሠርተዋል።

የተከራየ ቤት

ወደ ግል ኮምፒዩተር እንምጣ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር ሰጡ፤ አስኪ ይባላል። ሰባት ቢት ነው፤ 128 ቦታ ማለት ነው። ከእሱ 33ቱ ለማሽኑ ትእዛዝ ተይዟል፤ ለጽሑፍ የቀረው 95 ነው። በኋላ ስምንተኛው ቢት ተጨምሮ 256 ሆነ።

256! 231 ይገባል ትሉ ይሆናል። አይገባም። የትእዛዙ ቦታዎች አይነኩም። ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቤቱ ይሞላል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ግድግዳ መግፋት ጀመሩ። በኮሎራዶ የሚኖረው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኤት የተባለውን ሶፍትዌር ሠራ። ካሊፎርኒያ ውስጥ መሐንዲሱ ፍሥሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ ስም የአማርኛ መጻፊያ አወጣ። ከእነሱ በኋላ በአገር ቤትም በውጭም ብዙዎች ተከተሉ፤ ፓወር ግእዝን፣ ቪዥዋል ግእዝን የማያውቅ ጸሐፊ የለም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ ለተስፋፉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች መንገዱን ያቀለሉት እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ናቸው።

ዘዴያቸው ይህ ነበር። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ቁጥር ነው። ፎንቱ ግን ለዚያ ቁጥር የእኛን ፊደል ካባ ያለብሰዋል። አንድ ፎንት ስለማይበቃ ፊደሉን ሁለት ሦስት ፎንት ላይ የከፈሉም ነበሩ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታያል፤ ማሽኑ ግን አማርኛ መኖሩን አያውቅም። ፎንቱ ከሌለ ካባው ይወልቃል።

ይህ በእኔም ደርሷል። የመመረቂያ ጽሑፌን በፍሎፒ ይዤ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የመጣው የቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል መንጋ ነው። ስድስት ወር የለፋሁበት ነገር! እኔና ልጁ ተያየን። የእኔ ፎንትና የእሱ ፎንት የተለያየ ቁጥር ነበር የሚጠቀሙት፤ አንዱ ለ ያለበትን ሌላው መ ብሎታል። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ቁጥር ስለሰጠ አንድ ቋንቋ እርስ በርሱ በማይግባቡ ብዙ ቋንቋዎች ተከፋፍሎ ነበር።

በኢንተርኔት ደግሞ ሌላ ብልሃት ተፈጠረ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለ ሥርዓት ነደፉ። አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፍ፤ ግን በሕግ ጻፍ። ትንሹ ቲ ተ ነው፤ ትልቁ ቲ ጠ ነው። ትንሹ ኤስ ሰ፣ ትልቁ ጸ። ፎንት ባይኖርም በኢሜይል ይሄዳል፤ ደርሶም ወደ ፊደል ይመለሳል። ዛሬ በስልካችን ላቲን እየመታን አማርኛ የሚያወጡት ኪቦርዶች የዚህ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው።

የራስ ቤት

መፍትሔው የመጣው ቁጥሩ ለዓለም ሁሉ አንድ ሲሆን ነው። የዜሮክስ ኩባንያው ጆ ቤከር በ1988 እ.ኤ.አ. አንድ ሐሳብ አቀረበ። ፊደል በ16 ቢት ይቆጠር፤ 65,536 ቦታ ይኖራል፤ ለቋንቋዎች ሁሉ ይዳረሳል። ዩኒኮድ ይኸው ነው። ፊደላችን እንዲገባ ከጠየቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ያው ፍሥሐ አጥላው ነበር። መጠየቅ ብቻውን አልበቃም፤ የትኛው ፊደል ይግባ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚለው ዓመታት ፈጀ። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም 345 የግእዝ ምልክቶች ገቡ።

አሰፋፈሩን ላሳያችሁ፤ ያምራል። ሀ 4608 ነው። ሁ 4609፣ ሂ 4610፣ እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጠ፤ ሰባቱ ለሰባቱ ፊደል፣ ስምንተኛው ለዲቃላ። ስለዚህ ለ የሚጀምረው 4608 ሲደመር 8፣ ማለትም 4616 ላይ ነው። ሎን ማግኘት ትፈልጋላችሁ? ሳብዕ ነው፤ ከግእዙ ስድስት ቤት ይርቃል። 4622። ሏ ስምንተኛዋ፣ 4623። የቆሎ ተማሪ ሀ ሁ ሂ እያለ የሚቆጥረው ገበታ ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳለ ገባ። ሀም አለ፣ ሐም አለ፣ ኀም አለ። ማንም አልተቆረጠም። በኋላም ለጉራጌኛ፣ ለብሊን፣ ለጉሙዝና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚ ሲደርስ ኒያላ የሚባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ። ፎንት ፍለጋ መዞር የዚያን ጊዜ ቀረ።

አሁንም ያላለቀ ነገር አለ። ሁለት ነጥብ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። በታይፕና በኮምፒዩተር ዘመን ቃል መለያው ሁለት ነጥብ ቀርቶ ባዶ ቦታ ሆነ። ጻፍ ጻፍ ለሚል እጅ ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። ግን ያ የጥንቱ የመስመር ነፃነት አብሮ ሄደ። ቃል አሁን ሙሉውን ነው ወደ ቀጣዩ መስመር የሚወርደው። የአማርኛ ቃል ደግሞ ረጅም ነው፤ እስክንጨርሰው ድረስ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንዳደረገ በአንድ ቃል እንናገራለን። ጠባብ የጋዜጣ ዓምድ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ያለበት መስመር፣ በመሐላቸው መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት የምናየው ለዚህ ነው።

አራት ነጥብም አለ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየነካ ነው አራት ነጥብ የሚሠራው፤ እንዲህ ፡፡ ብሎ። ልማዱ ቦታ ከጠበበበት ከዚያ ዘመን የመጣ ይመስለኛል። አሁን ግን አራት ነጥብ የራሱ ቦታ አለው። ሁለት ነጥብ 4961 ነው፤ አራት ነጥብ 4962። ሁለቴ የተመታው ፡፡ እና እውነተኛው ። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ዓረፍተ ነገር ለይቶ እንዲያነብ ወይም እንዲተረጉም የታዘዘ ፕሮግራም ግን የሚፈልገው 4962ን ነው። 4961ን ሁለት ጊዜ ሲያገኝ ዓረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም ብሎ ዝም ብሎ ያልፋል።